ልብስ ሰፊው ደምሰውና አሥራ ሁለቱ ቃላት

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ስለሆነ ደምሰው እንደ ልማዱ የሰፋቸውን ቁምጣዎችና የተማሪ ዩኒፎርሞች በማዳበሪያ ጠቅጥቆ፣ ማዳበሪያውን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኖ በማለዳ ከጂንካ ወጣ። በመንገዱ ያለችውን ትንሽ ከተማ ካኮን አለፍ እንዳሉ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ እየተነጫነጨ ክሪክ ሲያወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በመንገዱ ዳር ባሉት ግራሮች ሥር ተበታተነ። ንፋስ የለም፤ የወፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ቁልቁል የወረደ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ልጆቹ ከቁጥቋጦው ውስጥ ወጡ። በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው የሚሄዱ የበና ልጆች ናቸው፤ ገላቸውን በነጭ አፈር ተቀብተዋል። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው አዲስ ነገር አይደሉም። የቱሪስት መኪና ሲያዩ ወጥተው ይጨፍራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ጥቂት ብር ይቀበላሉ። የገበያተኛ ሚኒባስ ምንም እንደማይሰጥ ስለሚያውቁ ቀና ብለውም አያዩት። የዚያን ዕለት ግን መጡ። ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ መሬቱን በእንጨታቸው ቀስ እያሉ እየወጉ መጡና መዘመር ጀመሩ።

ደምሰው የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ ከፈረንጅ የለቀሙት ነገር መስሎት ልብ አላለውም። ሁለተኛውን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ሦስተኛው ላይ ከግራሩ ጥላ ወጣ። ልጆቹ ስድስት ቃላት አሉና ሁሉም በአንድነት ዝም አሉ፤ እንጨቶቹም ቆሙ። ከዚያ አምስት ቃላት ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ሪቨር» አሉ።

እነዚያን ቃላት ደምሰው በዚህ ምድር ላይ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር የሚጋራቸው። ያ ሰው በእምነት የሚባለው ልጁ ነው። በእምነት ደግሞ ሞቶ ተቀብሯል።

አጠገቡ የቆመች አንዲት ቅል ተሸካሚ ሴት የልጆቹን ቋንቋ እንደምታውቅ ገብቶት ክንዷን ያዘ።

«እባክሽ እህቴ፣ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቂልኝ።»

ሴትዮዋ ጠየቀች። ከሁሉም የሚረዝመው ልጅ ከላይ ሆኖ አንድ ነገር መለሰና ፊቱን ወደ ጂንካ አዞረ።

«መንገዱ ነው ያስተማረን ይላል» አለች ሴትዮዋ። «ምን ማለቱ እንደሆነ እኔንጃ። ምነው አባባ፣ አመመህ እንዴ? ላብህን አየኸው?»

ደምሰው ክንዷን ለቀቀ። ጎማው ተቀይሮ ተሳፋሪው ሲገባ እሱ ማዳበሪያውን አስወረደና ከቀይ አፈር በሚመለስ አይሱዙ ተሳፍሮ ወደ ጂንካ ተመለሰ። ሐሙስ ገበያ ሳይደርስ የተመለሰበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ደምሰው አባቱ ከመንዝ መጥቶ ጂንካ የሰፈረ፣ እሱ ግን ጂንካ ተወልዶ ጂንካ ያረጀ ሰው ነው። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ከፊደል እስከ ዳዊት ደርሷል። የኔታ አፉን ዘግቶ የሚያጠና ተማሪ ካዩ አለንጋቸውን ያነሱ ነበር፤ ትምህርት ማለት ድምፅ አውጥቶ፣ በዜማ፣ ደግሞ ደጋግሞ ማለት ነበር። ደምሰውም እንዲያ ሆኖ የያዘውን ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳም። ጎልማሳ ሲሆን መርፌ ያዘ፤ ለወታደሮች ልብስ ይጠግን ነበር። በ1983 መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሲበተን ደንበኛ አጥቶ ከረመ። በኋላ ገበያ ውስጥ የወደቀውን የወታደር ካኪ እየገዛ፣ ጥቁር ቀለም እየነከረ ሱሪ አድርጎ ሸጠ። ዋናው መንገድ ዳር ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘረጋ። በእምነት የተወለደውም፣ ያደገውም፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ የተኛውም እዚያች በረንዳ ላይ ነው።

በእምነት አድጎ ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌርና አስጎብኚ ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ቢትኮይን ነገረው። እሱም ጥቂት በጥቂት፣ ከጉርሻው እየቀነሰ ይገዛ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባቱ የስፌት መኪና አጠገብ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳው።

«አባዬ፣ ይሄ ገንዘብ ባንክ ውስጥ አይደለም። በዓለም ላይ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የተጻፈው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያውቀዋል። እኔ ስልኬ ላይ ያለኝ ገንዘቡ ሳይሆን ቁልፉ ነው። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ አሥራ ሁለት ቃላት አሉ፤ እነሱን በቅደም ተከተላቸው ያወቀ ሰው በሌላ ስልክ ይከፍተዋል።»

«ቃላቱ ቢጠፉስ?»

«ገንዘቡም ጠፋ።»

«የእኔ ነው ብዬ የምከስበት ቦታስ?»

«የለም።»

«ሌላ ሰው ቢያውቃቸውስ?»

«ባለቤቱ እሱ ነው። ፖሊስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ መልሱልኝ ማለት የለም።»

ደምሰው መርገጫውን አቆመ። «ታዲያ ይሄ የጅብ ጉድጓድ እንጂ ገንዘብ ነው?»

በእምነት ሳቀ። «ስለዚህ ነው የምንበላበትን የማላስገባው። ዋጋው ዛሬ ይሰቀላል፣ ነገ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሲወርድ የሚደነግጥ ሰው ሸጦ ይከስራል፤ ሲወጣ የሚስገበገብ ተበድሮ ገዝቶ ይከስራል። በአገራችን ሱቅ ሄደህ አትከፍልበትም፤ ባንኩም አይፈቅደውም። እኔ ለልጄ ለሩሃማ ነው የማስቀምጠው። እሷ ለትልቅ ትምህርት እስክትደርስ አልነካውም። መንገድ ላይ የምውል ሰው ነኝና አንተም እወቀው። ቃላቱን ጽፌ ልስጥህና ሳጥን ውስጥ ቆልፍ።»

«ወረቀት ላይ?» አለ ደምሰው። ጂንካ ላይ ወረቀት ምን እንደሚሆን ያውቃል። የአባቱን የቦታ ማስረጃ ምስጥ በልቶት ሳጥኑን ሲከፍት አፈር ብቻ ነው ያገኘው። «ዳዊት በቃሌ የያዝኩ ሰውዬ አሥራ ሁለት ቃል ይከብደኛል? በል ንገረኝ።»

«አባዬ፣ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።»

«ንገረኝ አልኩህ!»

በእምነት ነገረው። የእያንዳንዱን ትርጉም እያስረዳ፣ በእጁም ምልክት እያሳየ ነገረው። ደምሰውም ጨርቅ እየሰፋ፣ በልጅነቱ ዜማ፣ በመርገጫው ምት እያለ ያዛቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸመደዳቸው። በእምነት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «እንግዲህ ለማንም» አለ። ደምሰውም፣ «ለማንም» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት በእምነት እንግዶች አድርሶ ከካንጋተን ባዶ መኪና ይዞ ሲመለስ፣ ደረቅ የነበረ አሸዋ ወንዝ መሃል ላይ ሳለ ደራሽ ጎርፍ መጣበት። ሰማዩ በዚያ በኩል ጥርት ያለ ነበር ይላሉ ያዩ፤ ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ተራራ ላይ ነው። አስከሬኑ ተገኘ። ስልኩ አልተገኘም።

ለቅሶው ሳያልቅ ሉቃስ የሚባል ሰው ከረባት አድርጎ መጣ። ሉቃስ በከተማው ከሰው ገንዘብ እየሰበሰበ በወር እጥፍ አደርጋለሁ የሚል ነበር። «ጋሽ ደምሰው፣ በእምነት የነበረውን አውቃለሁ። ቃላቱን ይስጡኝና እኔ ላሠራው» አለ። ደምሰው፣ «እጥፍ የሚሆን ከሆነ ለምን የራስህን አታሠራም?» ብሎ ከድንኳኑ አስወጣው። ሉቃስም ጥቂት ቆይቶ ከከተማው ጠፋ፤ የሰዎቹም ገንዘብ አብሮት ጠፋ። ደምሰው በዚህ ኮራ። የልጄን አደራ የሚነካ የለም አለ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ከመንገድ ተመልሶ በረንዳው ላይ ሲደርስ በኩራት የኖረበት ነገር ሁሉ እየተናደ ነበር። ማዳበሪያውን አስቀመጠና መኪናውን ሳይነካ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከበረንዳው ፊት ለፊት የሰፈር ልጃገረዶች ገመድ ይዘላሉ፤ በመኪናው ድምፅ ተውጦ የሚሉትን ሰምቶ አያውቅም። ገመዱ አቧራውን ሲመታ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ ከገመዱ ጋር ቃላቱ። ስድስተኛው ላይ ገመዱ በአየር ላይ እንደ ቆመ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ አምስቱ። ከዚያ ያቺ የመጨረሻዋ፣ በሹክሹክታ።

«ልጆች!» አለ ደምሰው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ይሄንን ከየት አመጣችሁት?»

ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። «ኧረ አባባ! ከእርስዎ ነዋ!»

አጠገቡ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው፣ እውነቱ የሚባለው የረጅም ዘመን ጎረቤቱ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ ፈገግ አለ።

«ምን ታስደነግጣቸዋለህ? አንተ ዓመት ከዓመት መኪናህን ረግጠህ የምትዘምረው አይደል? እኔ እንኳ ደምሰው ጴንጤ ሆኖ የእንግሊዝኛ መዝሙር ጀመረ ብዬ ነበር። ልስማ ካልክ እኔም እችለዋለሁ።»

«ተው፣ አትበለው።»

እውነቱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እጁን እንደ መሪጌታ ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደው። ስድስተኛው ላይ እሱም ዝም አለ። መጨረሻውንም አንሾካሾከ።

«እኔ ይሄን ያህል ጮክ ብዬ ነው የምለው?» አለ ደምሰው።

«ጮክ ብዬ? አንተ ሰውዬ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ተሳፋሪ ሲጠሩበት ሰምቻለሁ! ሙሉ ካኮ፣ ሙሉ ቀይ አፈር ይዘምረዋል። በሕይወትህ ሙሉ አንድ ልብስ በቀጠሮው ሳታደርስ በዘፈን ታወቅህ።»

እውነቱ እየሳቀ ነበር። ደምሰው ግን ቀና ብሎ መንገዱን አየ። መንገዱ ነው ያስተማረን ያለው ልጅ አልዋሸም። ቃላቱ ከእሱ አፍ ወጥተው፣ ከበረንዳው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ረዳቶቹ፣ ከረዳቶቹ ቁልቁል ወርደዋል። ከሉቃስ የጠበቀውን አደራ ለአገር ሁሉ ሲያድል ኖሯል። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር አልገባውም። ያቺ ዝምታ ምንድን ናት? በዜማው ውስጥ እንዲህ ያለ ማረፊያ ማስገባቱን አያስታውስም።

ኤልሳቤጥ ከመናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። የአሪ ልጅ ናት፤ በእምነት ስለ ቢትኮይን የሚያወራው ከእሷ ጋር ነበር፤ እሷም ጥቂት አላት። ደምሰው ሱቋ ሲገባ ስልክ ከፍታ በትንሽ ብሎን መፍቻ ትጎረጉር ነበር። ፊቱን ስታይ ዕቃዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ልመጣ ነበር እኮ። ይቀመጡ። አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ስልኳን አዞረችለት። ቱሪስት የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ነጭ የተቀቡ ልጆች በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው ይዘምራሉ፤ ከኋላቸው ደምሰው ያረፈባቸው ግራሮች ይታያሉ። ብዙ ሰው አይቶታል። ኤልሳቤጥ ከሥሩ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት።

«እዚህ አንዱ 'ልጆቹ የሚሉት እንግሊዝኛ ነው' ይላል። ሌላው 'አሥራ ሁለት ቃል ነው፤ ሁሉም የዋሌት፣ የቢትኮይን ቦርሳ መክፈቻ ቃላት ናቸው' ይላል። እዚህ ደግሞ ዘጠኙን ጽፈዋል። እዚህ ጋ አሥራ አንዱን። ይሄ ትናንት ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ጽፈዋል።»

«ከዚያስ?»

ኤልሳቤጥ ጽሑፉን በጣቷ ወደ ታች አንሸራተተች። «ከዚያ አንዱ 'አይከፍትም' ብሎ ጽፏል።»

ደምሰው በሩን ዞሮ አየ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሆኖም በሌላ ከተማ፣ በማያውቀው ቤት፣ ፊት የሌለው ሰው የልጁን በር እጀታ ይዞ ሲያወዛውዝ ተሰማው። ሞክሮታል። ቃላቱን አንድ በአንድ አስገብቶ ሞክሮታል።

«ለምን አልከፈተለትም?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው። ግን መልስ የሰጠው አለ፤ ይሄ የዛሬ ጠዋት ነው። 'ቅደም ተከተሉን ቀያይሩት' ይላል። ጋሽ ደምሰው፣ እነዚህ ሰዎች በእጃቸው አይደለም የሚቀያይሩት፤ ኮምፒውተር ነው የሚቀያይርላቸው። ቁልፉን መለወጥ አይቻልም። ያለን አማራጭ ንብረቱን አውጥቶ ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ብቻ ነው። አሁን።»

«ለአንቺ ልንገርሽ ማለት ነው? ለማንም ብዬ ምዬ?»

«ኧረ አባባ! ግማሹ ኦሞ እየዘፈነው ከእኔ ይደብቁታል?»

ደምሰው በዚህ ሳቅም ሐፍረትም መጣበት። ጀመረ። ኤልሳቤጥ በሌላ ስልክ ላይ እየጻፈች፣ ስልኩም ቃሉን በጥቂት ፊደል እየጠቆማት አሥራ ሁለቱንም አስገባች። ነካችው። ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ልክ አይደለም ይላል።»

«ልክ ነው። ዳዊት በቃሌ...»

«ቃላቱማ ልክ ናቸው፤ ሁሉም ከዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ነው። እስቲ ሳይዘምሩ ይበሉት።»

ደምሰው ሳይዘምር ሊል ሞከረ። አልቻለም፤ ዜማው ሲወጣ ቃላቱም አብረው ወጡ። እንደገና በዜማው ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ደርሶ ቀጠለ።

«እዚህ ጋ ለምን ዝም ይላሉ?» አለች ኤልሳቤጥ።

«ዝም አላልኩም።»

«ብለዋል። ልጆቹም ይላሉ። እኔ የዜማው ማረፊያ መስሎኝ ነበር።»

«በዜማው ማረፊያ የለም።» ይህን እንዳለ የራሱ ቃል አስደነገጠው። ማረፊያ ካልሆነ ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ ምን ነበር?

ከውጭ፣ ከመናኸሪያው በኩል፣ አንድ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ በመሃሉ ቃላቱን አዜመ። ስድስት። ዝምታ። ደምሰው በዚያች ዝምታ ውስጥ ጆሮውን አስገብቶ አዳመጠ። ከዓመታት በፊት የነበረው ከሰዓት በኋላ መጣለት። በእምነት ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ ጉልበቱ ላይ ወድቃለች። ለእያንዳንዱ ቃል ምልክት እያሳየ ነው፤ ለአትክልቱ እንዲህ፣ ለመስታወቱ እንዲህ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መዳፉን ዘርግቶ ከፍ ዝቅ እያደረገ አየሩን አወዛወዘው።

ደምሰው ያኔ ገባው። በእምነት በሕይወት ሳለ ያቺ ቃል፣ ወንዝ ማለት የሆነችው ሪቨር፣ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጎርፉ ከወሰደው በኋላ ግን የደምሰው ምላስ እሷ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ቆመ። አለፋት። ሁሉን ጨርሶ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ፣ ማንም እንዳይሰማው ያህል አንሾካሾካት። ይህን ማድረጉን ራሱ ሳያውቀው ኖረ። ልጆቹም ሐዘኑን ከነቦታው ቀድተውት፣ አገር ለአገር ሲያዞሩት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሲዘፍኑት ኖሩ።

«ሰባተኛዋ...» አለ። አፉ ተከፈተ፤ ቃሏ አልወጣችም። ኤልሳቤጥ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ደምሰው እጁን አነሳና መዳፉን ዘርግቶ፣ ቀስ አድርጎ አየሩን እንደ ውኃ አወዛወዘው።

ኤልሳቤጥ ጥቂት አየችው። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቃሏን ከመጨረሻ አንስታ ሰባተኛው ቦታ ላይ አስገባቻት። በሩ ተከፈተ።

በእምነት ያጠራቀመው ሁሉ ነበር። ማንም አልነካውም። ሆኖም ለደስታ ጊዜ አልነበረም፤ ቪዲዮው ሥር አዲስ ጽሑፍ መጥቷል። ኤልሳቤጥ አነበበችው፤ «አንዱን ቃል እያነሳችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት» ይላል። ይህን ስታነብ መብራት ጠፋ። ሱቁ ውስጥ የሁለት ስልኮች ብርሃን ብቻ ቀረ።

ኤልሳቤጥ በሌላኛው ስልክ ላይ አዲስ ዋሌት ከፈተችለት። አዲሶቹ አሥራ ሁለት ቃላት ሊወጡ ሲሉ ስልኩን ለእሱ ሰጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«እኔም ማየት የለብኝም። ቅርጻቸውን እንደ ንድፍ ይገልብጡት። ድምፅ አያውጡ።»

ደምሰው የፈረንጅ ፊደል አያውቅም፤ ንድፍ መገልበጥ ግን የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንገትጌ፣ እንደ ኪስ አፍ እያየ ካርቶን ላይ ገለበጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ አጠና። ስልኩ ቃላቱን ደባልቆ ሲጠይቀውም ቅርጻቸውን እያመሳከረ ነካካና አለፈ።

«በይ እንግዲህ፣ ላኪው» አለ።

«መጀመሪያ ጥቂት።»

«ሌባ በር ላይ ቆሞ ጥቂት?»

«ጋሽ ደምሰው፣ የተላከ አይመለስም። አድራሻው በአንድ ፊደል ቢሳሳት ለማንም ሳይሆን ይቀራል። እርስዎስ ጨርቅ ሳይለኩ ይቆርጣሉ?»

ጥቂት ተላከ። ተቀመጡ። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ። የመናኸሪያው ጫጫታ ጋብ አለ፤ ከሩቅ ግን ልጆች ይዘፍኑ ነበር፤ ደምሰውም በየዝምታቸው ልቡ እየቆመች ጠበቀ። የተላከው ደረሰ። ኤልሳቤጥ የቀረውን ሁሉ ላከች። እንደገና ተቀመጡ። መስኮቱ እየደበዘዘ ሄዶ የኤልሳቤጥ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ብቻውን በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሲቀር፣ «ደረሰ» አለች።

ጥቂት ሽርፍራፊ ሆን ብላ በአሮጌው ቤት ውስጥ ትታ ነበር። «ለማየት ነው» አለችው። በማግሥቱ ደምሰው ሲመጣ ስልኩን አሳየችው። ሽርፍራፊው የለም።

«ገብተዋል» አለች።

«እነማን?»

«ስም የላቸውም። ፀሐይ ሳትወጣ ነው የገቡት። ያገኙትን ወስደው ወጥተዋል። ሌላ ነገር ቢወድቅበትም ወዲያው የሚወስድ ነገር ሳያስቀምጡ አይቀሩም፤ እንግዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አለ ማለት ነው።»

ደምሰው አዲሶቹን ቃላት በወስፌ በሁለት የነሐስ ቁራጭ ላይ ቀረጻቸው፤ ነሐስ ምስጥ አይበላውም። ካርቶኑን አቃጠለ። አንዱን ቁራጭ ከቤቱ ርቆ በሚያውቀው ስፍራ አኖረ፤ ሌላውን በገበር ሰፍቶ ለበእምነት ሚስት ለትህትና ሰጣት። «የሩሃማ ነው» አላት። «የሚያስፈልጋት ቀን ክፈቱት። እስከዚያ አታንብቡት። ስታነቡትም በአፋችሁ እንዳይሆን።»

እንግዲህ የቀረው ዘፈኑ ነበር። እሱን ማን ይመልሰዋል? ልጃገረዶቹ በማግሥቱም ገመዳቸውን ይዘው በረንዳው ፊት መጡ። እውነቱ ክሩን እየበጠሰ፣ «መሪጌታ፣ ተማሪዎችህ መጡ» አለ። ገመዱ አቧራውን መታ። ቃላቱ ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ እንደ ሁልጊዜው ዝም አሉ፤ ገመዱም በአየር ላይ ዘገየ።

«ሪቨር» አለ ደምሰው።

ጮክ ብሎ አለው። ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ በቦታዋ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ቃሏ ወጣች። ልጃገረዶቹ ዞረው አዩት። እውነቱም መኪናውን አቆመ። ማንም አልሳቀም።

«አሁን ሞላ» አለች ትንሿ ልጅ፣ ገመዱንም እንደገና አዞሩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደምሰው ማዳበሪያውን አስጭኖ ወደ ቀይ አፈር ሄደ። ካኮን አልፈው ከግራሮቹ ዘንድ ሲደርሱ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ነጭ የተቀቡት ልጆች በመንገዱ ዳር በእንጨታቸው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የቱሪስት መኪና ግን አልነበረም። ሚኒባሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዘፈኑ በተከፈተው መስኮት ገባ። ስድስተኛው አለፈ። ልጆቹ አልቆሙም። ሰባተኛውን፣ በቦታው፣ በሙሉ ድምፅ አሉት። ከሁሉም የሚረዝመውም ልጅ ከላይ ሆኖ ደምሰውን በመስኮቱ እያየው፣ ማንም ያላሳየውን ነገር አደረገ፤ ነጭ መዳፉን ዘርግቶ አየሩን እንደ ውኃ አወዛወዘው።